አውራ ጣቴ የሸፈነው ትርጉም

ልጅ ሳለሁ ሰው አላምንም ነበር። እናቴ ወተት ስትሰጠኝ ውሃ ቀላቅላበት እንደሆነ ቀምሼ ነው የምጠጣው፤ ታላቅ ወንድሜ «መሽቷል፣ ግቢ» ካለኝ ከኔ የሚደብቀው ነገር ውጭ አለ ብዬ ደጃፉ ላይ ቆሜ እቀራለሁ። እናቴ ስትናደድ «ሸኪ!» ትለኝ ነበር፤ በኦሮምኛችን ጥርጣሬ ማለት ነው። ሀያት የሚባል ስም እንዳለኝ ሰፈሩ እስኪረሳው ድረስ ሸኪ ሆኜ ቀረሁ። ከየት እንዳመጣሁት ደግሞ ይታወቃል። አባቴ ከሰንበቴ ገበያ ፍየል እየገዛ ከሚሴ የሚሸጥ ሰው ነበር፤ የሻጭን ቃል አይሰማም፣ የፍየሏን አፍ ፈልቅቆ ጥርሷን ነው የሚያየው። ማታ እግሩን እየታጠበ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይለናል፤ ገንፎ የቀረበ ቀን «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» ይልና ይስቃል። ወንድሞቼ አብረውት ይስቃሉ። እኔ ግን ገንፎውን የምር በጣቴ እፈትሸው ነበር።

ከቤታችን ጀርባ፣ ወደ ቦርከና በሚወርደው መንገድ ዳር፣ አኮ ከዲጃ የሚባሉ ወጌሻ ይኖሩ ነበር። አኮ ማለት አያት ነው፤ የኔ አያት ባይሆኑም ሰፈሩ በሙሉ እንደዚያ ነበር የሚጠራቸው። ባላቸው ሞተዋል፣ ያለቻቸው አንዲት ልጅ ባቲ አግብታ ሄዳለች፣ እሳቸው ብቻቸውን ነበሩ። ጋሪ የገለበጠው፣ ግመል የወረወረው፣ ከዛፍ የወደቀው ሁሉ ወደሳቸው ይመጣል። ከጨፋ ድረስ ሰው በቃሬዛ ያመጡላቸው ነበር። አጭር፣ ቀጭን፣ ምላሳቸው የተሳለ ሴትዮ ነበሩ፤ የሚያለቅስ ጎልማሳ ከመጣ «ወይ አንተ፣ ሚስትህ ብታይህ ምን ትላለች?» ብለው ያስቁበታል። ልጅ ላይ ግን እንዲህ አይናገሩም።

አስር ዓመት ሲሆነኝ ከጎረቤት ግንብ ላይ ወድቄ የእጄ አንጓ ወለቀ። አባቴ አዝሎኝ ሄደ። ያኔ መግሪብ ተሰግዶ ለዓይን ያዝ ማድረግ ጀምሮ ነበር፤ አኮ ከዲጃ ቢምቢ ለማባረር ኩበት አጭሰው፣ ጭሱ ከግቢው መሬት ሳይነሳ ተንጠፍጥፎ፣ ኩራዙ ከምሰሶው ላይ ተሰቅሎ ይርገበገባል። ቅቤ በገል አድርገው ፍሙ ላይ አስቀመጡ፤ ሲቀልጥ መዳፋቸውን ነከሩና ቢስሚላህ ብለው እጄን ያዙ። ከዚያ ከንፈራቸው መንቀሳቀስ ጀመረ። ድምፅ ግን የለም። እኔ ሸኪዋ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ብዬ ልለፍ! እጄን ረስቼ ጆሮዬን ወደ አፋቸው አስጠጋሁ። «ዱሪ ዱሪ» ሲሉ ሰማሁ፤ ድሮ ድሮ ማለታቸው ነው፤ ተረት ጀምረዋል።

ጅብ ጥምጥሙን ጠምጥሞ፣ ዱላውን ይዞ፣ የፍየል ደላላ ሆኖ ሰንበቴ ገበያ ወጣ አሉኝ። ሰዉ ሁሉ አመነው፤ ምክንያቱም አፉን አይከፍትም፣ ዋጋ ሲጠሩለት ራሱን ይነቀንቃል እንጂ አይናገርም፤ ገበያተኛው ደግሞ «እንዲህ ያለ ጨዋ ደላላ አይተን አናውቅም» ይላል። ፍየሎቹ ብቻ ጠረጠሩ። አንዷ አሮጊት ፍየል ቀረብ ብላ «ጋሼ ደላላ፣ ዕድሜ ልካችሁን የኛን ጥርስ ስታዩ ኖራችኋል፤ እስቲ ዛሬ ደግሞ እኛ የእርስዎን እንይ» አለችው። ጅቡን ንግግሯ አሳቀው፤ ሊይዘው ሞከረ፣ ጉንጩ ተነፋ፣ አልቻለም፣ አፉን ከፈተ! እኔም በሳቅ ፈነዳሁ፤ ሳቄ ሳያልቅ አንጓዬ ቋ አለ። ከማልቀሴ በፊት አልቆ ነበር። የሸምበቆ ስንጥር በጨርቅ አሰሩልኝና «አበቃ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

ዛሬ ሳስበው ዘዴያቸው ፀሐይ የሞቀው ነው። ድምፃቸውን የሚያጠፉት ልጁ ለመስማት ሲጠጋ ሕመሙን እንዲረሳ ነበር፤ የሚስቡት ደግሞ ሲስቅ ነው፣ የሚስቅ ሰው ጡንቻው ይፈታል። ያኔ ግን ይሄ አልገባኝም። የገባኝ ነገር ቢኖር ሌላ ማንም የማያወራውን ተረት የሚያወሩ ሴት ማግኘቴ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ቀን በኋላ እጁ የታሰረውም ያልታሰረውም የሰፈር ልጅ ከመግሪብ እስከ ኢሻ በሚሰበሰብበት በዚያ ጭስ ውስጥ እኔም ቦታ ያዝኩ። ፍሙ አመድ እስኪለብስ፣ ኩራዙ ጋዝ ጨርሶ ጥቁር እስኪያጨስ እናዳምጣለን።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ብቻቸውን አግኝቻቸው ተረት ያውሩልኝ ብላቸው «ሱብሃነላህ!» አሉ። «ቀን ተረት ያወራ ሰው ከብቱ ይጠፋል።»

«አንቱ ከብት የለዎትም እኮ» አልኳቸው።

«የጎረቤቶቼስ?» አሉኝና ሥራቸውን ቀጠሉ።

ቀልዳቸው ነበር። እኔ ግን ይዤው ሄድኩ። አንዲት ሴትዮ ግቢዋ ተቀምጣ ያወራችው ነገር የጎረቤትን ከብት ማጥፋት ከቻለ፣ ያ ነገር ተረት ብቻ ሊሆን አይችልም ብዬ አሰብኩ።

አምስተኛ ክፍል ስገባ የእንግሊዝኛ መምህራችን ክፍል እንደገቡ አንዱን ተማሪ ያስነሱና «ስፔል ዩር ኔም!» ይሉታል። የስሙን ፊደል አንድ በአንድ ካልጠራ ቆሞ ነው የሚውለው። እኔ ለዚህ ቃል ፍርሃት ስለነበረኝ የወንድሜን መዝገበ ቃላት አውጥቼ ፈለግኩት። እንዲህ ይላል፤ አንደኛ፣ የቃልን ፊደላት ለይቶ ጠራ። ሁለተኛ፣ ጥቂት ጊዜ። ሦስተኛ፣ ድግምት፣ አስማት። ሦስተኛውን ሳነብ ጀርባዬን ብርድ ብርድ አለኝ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት መምህሩን ነው። በየማለዳው ቆማችሁ ፊደል ደርድሩ የሚሉን ምን ሊያደርጉብን ነው አልኩ፤ ሁለት ቀን ሙሉ ስሜን ሲያስጠሩኝ አንድ ፊደል ሆን ብዬ እየዘለልኩ ቆሜ ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን እግሬ ዛለና መምህሩን ተውኳቸው። ጥርጣሬዬ ግን ማረፊያ ይፈልግ ነበርና አኮ ከዲጃ ላይ አረፈ። በዚያ ሳምንት ተረቱን መስማት ትቼ ከንፈራቸውን ማየት ጀመርኩ።

ነገሩ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። የጎረቤታችን የእትዬ ሐዋ ልጅ ፈቲያ፣ የአምስት ዓመት ልጅ፣ ከጋሪ ላይ ወድቃ ክርኗ ወለቀ። አኮ ከዲጃ የደላላውን ጅብ ተረት እያወሩላት መለሱት። በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ትኩሳት ያዛት። ሰውነቷ እንደ ምጣድ እየጋለ፣ ዓይኗ ተገልብጦ «አፉን ከፈተ! ጥርሱ! ጥርሱ!» እያለች መጮህ ጀመረች። ሴቶቹ ቤቱን ሞሉት። ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ የምትጮኸው ከወጌሻዋ አፍ የገባባት ነገር ነው ተባለ፣ ማታውኑ ሰፈሩ ሰማ። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወስደዋት ወባ ነው ተብሎ መድኃኒት ተሰጣት። ታዲያ ይሄም አልበቃም። አንዷ ሴትዮ እጇን አፏ ላይ አድርጋ «ወባውንስ ማን ላከው?» አለች።

እትዬ ሐዋ ወደ እኛ ቤት መጣች። ያን ቀን ዓይኗ በለቅሶ አብጦ ነበር፤ ዛሬ እኔም እናት ሆኜ አልፈርድባትም። «ሀያትዬ» አለችኝ፤ ስሜን መጥራቷ ራሱ ገረመኝ፤ «አንቺ ከጎናቸው አትጠፊም። እጅ ሲይዙ ምንድን ነው የሚሉት?»

እናቴ «ልጅ ምን ታውቃለች፣ ተያት» አለች። እኔ ግን የሚያውቅ ሰው መሆን አማረኝ። አዋቂ ሁሉ ፈርቶ ሲያንሾካሹክ እኔ ብቻ ስሙን የማውቀው ነገር ነበረኝ።

«እንግሊዞች ስፔል ይሉታል» አልኳት። «ድግምት ማለት ነው። መጽሐፍ ላይ አለ።»

በኛ ሰፈር መጽሐፍ ላይ አለ ከተባለ ክርክር የለም። ኪታብም ይሁን የተማሪ መዝገበ ቃላት፣ ማንበብ ለማይችል ሰው ሁለቱም አንድ ክብር ነበራቸው። እትዬ ሐዋ አቅፋኝ ሳመችኝ።

አርብ ከጁምዓ በኋላ ጃርሶቹ፣ ሽማግሌዎቻችን፣ እትዬ ሐዋ ግቢ ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። አኮ ከዲጃ ፊት ለፊታቸው ዱካ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሻሻቸውን አጥብቀው አስረው፣ ቅቤ የለመዱ እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። ልጆቹ በሙሉ አጥሩ ላይ ተንጠልጥለናል። እኔን ግን ጠሩኝ። መዝገበ ቃላቱን በሁለት እጄ ይዤ መሃል ቆምኩ፤ ከጃርሶቹ ትልቁ ሼህ አደም ነጭ ጢማቸውን እያሻሹ «አንብቢ እስቲ፣ ተማሪዋ» አሉኝ።

ገጹን ገለጥኩ። ሦስቱ ትርጉሞች ተደርድረዋል። አውራ ጣቴን ወደ ላይ አንሸራትቼ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሸፈንኳቸው፤ ማን እንዳያይ እንደሸፈንኩ አላውቅም፣ ምንጣፉ ላይ ከተቀመጡት ያንን ገጽ ማንበብ የሚችል አንድም አልነበረም። «ስፔል» አልኩ ጮክ ብዬ፤ «ድግምት፣ አስማት።» ግቢው ጉም ጉም አለ።

ሼህ አደም እጃቸውን አንስተው ሰዉን ዝም አሰኙ። አስተዋይ ሰው ነበሩ፣ አላህ ይዘንላቸው። «ልጄ፣ ቃል ብዙ ጊዜ አንድ ፍቺ ብቻ የለውም» አሉኝ። «ሌላ ትርጉም የለውም?»

እስከ ዛሬ ያ ጥያቄ ሲመጣብኝ ፊቴ ይግላል። ያኔ ጣቴን ማንሳት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ግን ፊደል መጥራት ማለት ነው፣ ጥቂት ጊዜ ማለት ነው ብል ሰዉ ሁሉ ሊስቅብኝ ነው፤ እትዬ ሐዋም የሳመችኝን ልትጸጸት ነው። አባቴ ከጥግ ቆሞ በኩራት እያየኝ ነበር።

«የለውም» አልኩ።

ሼህ አደም ወደ አኮ ከዲጃ ዞረው «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሏቸው። አኮ ከዲጃ «ተረት ነው የማወራው፤ ከእናቴ የሰማሁትን ተረት» አሉ። «ታዲያ ተረት ከሆነ ምን ያንሾካሹክሻል?» ሲባሉ ቀና ብለው አጥሩ ላይ የተንጠለጠሉትን ልጆች አዩ። ከአንዳንዶቹ እጅ ላይ ገና ስንጥሩ አልተፈታም ነበር። «እሱን እነዚህ እየሰሙ አልናገርም» አሉ። «ከሰሙት ሁለተኛ አይሠራላቸውም።»

ከዚህ በኋላ ማን ይመናቸው? ሰው ሁሉ የፈራውን ነገር ከራሳቸው አፍ የሰማ መሰለው። ጃርሶቹ ብዙ ተማከሩ፤ በመጨረሻ ከሰፈር ይውጡ አላሉም፣ ነገሩ እስኪጠራ ልጅ ላይ እጃቸውን አያሳርፉ አሉ። ነገሩ ግን አልጠራም። ፈቲያ በሳምንቷ ተነስታ መሮጥ ጀመረች፣ ክርኗም ቀጥ ብሎ ነበር፤ የሰው ዓይን ግን አልቀናም። ሲመሽ ከዚያ ግቢ የኩበቱ ጭስ እንደ ድሮው ይነሳል፣ ከሥሩ የሚቀመጥ ልጅ የለም። አባቴ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ጎበዝ፣ እንዲህ ነው መጠርጠር» አለኝ፤ ያን ቀን ማታ እራት አልበላ አለኝ፣ ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገርኩም። በሁለተኛው ወር ከባቲ አይሱዙ መጥቶ የአኮ ከዲጃን ዕቃ ጫነ። እኔ ቤት ውስጥ ሆኜ በበሩ ቀዳዳ ነበር የማየው።

ዓመታት አለፉ። ደሴ ሄጄ እንግሊዝኛ ተማርኩ፤ ሰዎች ለምን ይህን ትምህርት መረጥሽ ሲሉኝ ጥሩ ነጥብ ስለነበረኝ ነው እላለሁ፣ ግማሽ እውነት ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ግማሹ ተማሪ እያንቀላፋ፣ አስተማሪያችን ስለ ጥንት ቃላት ሲያወሩ «ስፔል» የሚለውን ሰሌዳው ላይ ጻፉት። እኔ እንደተነካ ሰው ቀና አልኩ። በጥንቱ እንግሊዝኛ ይሄ ቃል ድግምት አልነበረም አሉ። ወሬ፣ ንግግር፣ ተረት ማለት ነበር። የክርስቲያኖቹን ወንጌል «ጎስፔል» የሚሉትም ጥሩ ወሬ፣ የምሥራች ለማለት ነው። ፊደል መጥራቱ የዚያው ቃል ዘመድ ነው፣ በፈረንሳይ በኩል ዞሮ የመጣ፤ ጥቂት ጊዜ የሚለው ደግሞ ከነጭራሹ ሌላ ቃል ነው፣ በመልክ ብቻ ይመሳሰላሉ። ድግምት የሚለው ትርጉም የመጣው ዘግይቶ፣ ሰው በቃል ብቻ ሰውን የሚይዝ ተናጋሪን መፍራት ሲጀምር ሳይሆን አይቀርም አሉ። ተረት የነበረውን ጥርጣሬ ነው ድግምት ያደረገው ማለት ነው።

ማስታወሻ መጻፍ አልቻልኩም። የኛም ቃል ያው መሆኑ ታየኝ፤ ድግምት የመጣው ደገመ ከሚለው አይደል? መድገም እኮ የሰማኸውን መልሶ ማለት ነው፤ ከእናትህ የሰማኸውን ለሌላ ልጅ መንገር። እንግሊዙም እኛም በየፊናችን አንድ ቦታ ተሳስተናል። እኔ ግን ከሁለቱም የባስኩ ነኝ፤ ቃሉ እስኪዞር መቶ ዓመት አልጠበቅኩም፣ በአንድ አውራ ጣት አዞርኩት።

ያም ሆኖ ባቲ ለመሄድ ሌላ አስር ዓመት ፈጀብኝ። ደብዳቤ እንዳልጽፍ ማንበብ አይችሉም፤ ስልክ ብደውል ምን እላለሁ? አስተማሪ ሆንኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። ባለፈው ዓመት አንድ ሰኞ፣ ባቲ ገበያ በሚቆምበት ቀን፣ ጨርቅ ልገዛ ነው ብዬ ለባሌ ዋሽቼ ተሳፈርኩ። ልጃቸው ገበያ ወጥታ ነበር፤ አኮ ከዲጃ ከደጃፉ ጥላ ላይ ቆዳ አንጥፈው ተቀምጠዋል። እርጅና ጨርሶ አሳንሷቸዋል። «አካም ጅርቱ፣ አኮ» ብዬ ሰላም አልኳቸውና ጉልበታቸውን ሳምኩ፤ ማን መሆኔን ስናገር እጃቸውን ቀስ ብለው ሳቡ።

ተቀምጬ ያዘጋጀሁትን ሁሉ አወራሁላቸው። ቃሉ በጥንት ጊዜ ድግምት እንዳልነበረ፣ ተረት ማለት እንደነበረ፣ ከድሮም እሳቸው ልክ እንደነበሩ። እንደ ተማሪ ፈተና ነበር ያነበነብኩት።

«ይሄንንም መጽሐፍ ላይ ነው ያገኘሽው?» አሉኝ።

«አዎ፣ አኮ።»

«ያኔም መጽሐፍ ላይ አለ ብለሽ ነበር።»

ከዚያ ያላዘጋጀሁትን ተናገርኩ፤ ሌሎች ትርጉሞች እንደነበሩ፣ በጣቴ እንደሸፈንኳቸው፣ ሼህ አደም ሲጠይቁኝ እንደዋሸሁ። እሳቸው ፊታቸው አልተለወጠም።

«አውቄያለሁ» አሉ። «ዓይንሽን አይቼዋለሁ። የስንት ሰው ዓይን እያየሁ ነው አጥንት የመለስኩት?»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«ለማን? አንቺ መጽሐፍ ይዘሽ ነበር።» ከዚያ «አውፍ ብያለሁ» አሉኝ፤ ለአላህ ብለው ምረውኛል። ግን ዓይናቸውን መንገዱ ላይ አድርገው ነው ያሉት፤ ማለታቸውን አምናለሁ ወይስ አላምንም፣ እስከ ዛሬ እጠራጠራለሁ።

የልጅ ልጃቸው ሰሚራ፣ አሥራ አራት ዓመት ገደማ የሆናት ልጅ፣ እስከ መናኸሪያ ሸኘችኝ። ስልኳን እየነካካች፣ ለአያቷ ምን እንደሆንኩ በጥያቄ እያጣደፈችኝ ትሄዳለች። ልጅ ሳለሁ ጎረቤቴ ነበሩ አልኳትና «ለእናንተስ ተረት ያወሩላችኋል?» ብዬ ጠየቅኳት።

ቆም ብላ አየችኝ፤ ሳቀች። «አኮ? ተረት? ወላሂ አንድም አያውቁም! ትንሽ ሳለን ስንለምናቸው ‹እኔ የማውቀው የለም› ነበር የሚሉን።»

መንገዱ መሃል ቀረሁ። ባጃጅ ጥሩምባ ነፋብኝ። ከሰፈራቸው ያስነሳኋቸው መስሎኝ ነበር የምጸጸተው፤ ለካ አፋቸውን ነው የዘጋሁት። እነዚያ ሁሉ ማታዎች፣ ከእናታቸው የሰሙት ሁሉ፣ ባቲ ከገቡበት ቀን ጀምሮ ደረታቸው ውስጥ ተቆልፏል፤ ለገዛ ሥጋቸው አንዱም አልደረሰም። አውቶቡሱ እስኪሞላ ጊዜ ነበረንና የሳቸውን አንዱን ተረት፣ ስለ ሁለቱ ጦጣዎችና ስለ ዳኛው ቀበሮ የሚያወራውን፣ ለሰሚራ ጀመርኩላት። ስልኳን ኪሷ ከተተች። ስጨርስ ግን አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ ዓይኗን አጥብባ አየችኝ፤ ያንን አስተያየት በደንብ አውቀዋለሁ።

«ይሄን ራስዎ ፈጥረውት ነው» አለችኝ።

«ከአያትሽ ነው የሰማሁት።»

«ኧረ እትዬ! አኮ እንዲህ አያወሩም።»

ከአኮ ከዲጃ ተረቶች አሥራ አንዱን አስታውሳለሁ፤ ሌሎቹ ጠፍተውብኛል። ለልጆቼ አወራቸዋለሁ፣ ከማን ሰማሽው ሲሉኝም የሴትዮዋን ስም እነግራቸዋለሁ፣ እነሱም ያምኑኛል። ሰሚራም አንዳንዴ ትደውልልኛለች፤ አንድ ተረት እጨምርላታለሁ፣ ትስቃለች፣ ወድዳዋለች። ከአያቷ መሆኑን ግን አንድም ቀን አምናኝ አታውቅም።